ተናጋሪውና የሚነገርለት፦ የፒተር ማቲሰን «የበረዶ ነብር» ሂሳዊ ንባብ

1. መግቢያ

የጉዞ ማስታወሻ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ እንግዳ ዘርፍ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን በመልእክተኛነት ሄደው ሲመለሱ ያዩትንና የሰሙትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተሰኘው መጽሐፋቸው ለአገራቸው አንባቢ አቅርበዋል። ይሁን እንጂ ዘርፉ ከልቦለድ፣ ከግጥምና ከተውኔት ጋር ሲተያይ የሃያስያንን ዐይን እምብዛም አልሳበም። የጉዞ ማስታወሻ ሲነሣም ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው «ደራሲው ያየውን አገር ምን ያህል አሳምሮ ሣለው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በቂ አይደለም። የጉዞ ማስታወሻ ሁለት ወገኖች አሉት፤ አንዱ ጎብኚው ነው፣ ሌላው ተጎብኚው። ጎብኚው ብዕር ይዟል። ተጎብኚው ግን በዚያ ብዕር በኩል ካልሆነ በቀር በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገርበት አፍ የለውም። ስለዚህ «አገሩ እንዴት ተሣለ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «የአገሩ ሰው በማን ድምፅ ይናገራል?» የሚለውንም ማንሣት ያስፈልጋል።

ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ጥያቄ በአንድ መጽሐፍ ላይ ለመፈተን ይሞክራል። መጽሐፉ አሜሪካዊው ደራሲ ፒተር ማቲሰን በ1978 ያሳተመው «ዘ ስኖው ሌፐርድ»፣ በአማርኛ «የበረዶ ነብር» ልንለው የምንችለው የጉዞ ማስታወሻ ነው። ለምርጫው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ መጽሐፉ በዘርፉ ከፍተኛ ግምት የተሰጠው ነው፤ በ1979 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ተቀብሏል። ደካማ መጽሐፍን መንቀፍ ብዙ አያስተምርም፤ የብርቱ መጽሐፍ ጉድለት ግን የዘርፉን ጠባይ ያሳያል። ሁለተኛ፣ የመጽሐፉ ርእሰ ጉዳይ ከፍተኛ ተራራና በተራራው ላይ ያሉ ገዳማት ናቸው። እኛም ተራራና ገዳም ያለን፣ ስለ ተራራችንና ስለ ገዳማችንም ባዕዳን ብዙ የጻፉልን አንባብያን ነን። ይህ ተሞክሮ በንባቡ ላይ የሚጨምረው ነገር እንዳለ በስተመጨረሻ ለማሳየት ይሞከራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ቦታውና ጉዞው

ዶልፖ በሰሜን ምዕራብ ኔፓል፣ በቲቤት ወሰን ላይ የሚገኝ ደጋ አገር ነው። በደቡብ በኩል ከፍታው 8,167 ሜትር የሆነው የዳውላጊሪ ተራራ ሰንሰለት ይጋርደዋል። የአካባቢው ሰዎች የሚናገሩት የቲቤት ቋንቋ ዘዬ ነው። ገብስ ያመርታሉ፤ ያክ የተባለውን ጠጉራም የተራራ ከብት፣ በግና ፍየል ያረባሉ። ለብዙ ዘመን ኑሯቸውን የደገፈው ደግሞ የጨው ንግድ ነበር፤ እህል ወደ ቲቤት ወስደው በጨው ይለውጣሉ፣ ጨዉን ወደ ደቡብ ቆላ አውርደው በእህል ይለውጣሉ። ከ1959 በኋላ ቻይና በቲቤት ወሰን ላይ ቁጥጥሯን ስታጠብቅ ይህ ንግድም ሆነ ከወሰን ማዶ የነበረው የግጦሽ መሬት እየጠበበ ሄደ። ሃይማኖታቸው የቲቤት ቡድሂዝም ሲሆን ቦን የተባለው ጥንታዊ እምነትም በአንዳንድ መንደሮች አለ። ሁለቱን የሚለያቸው አንዱ ምልክት በጣም ቀላል ነው፤ ቡድሂስቱ ጸሎት የተቀረጸባቸውን የድንጋይ ካቦች ወደ ቀኙ አድርጎ ሲያልፍ የቦን አማኝ ወደ ግራው አድርጎ ያልፋል።

ማቲሰን ወደዚህ አገር የሄደው በ1973 የመጸው ወራት፣ ከእንስሳት ተመራማሪው ጆርጅ ሻለር ጋር ነው። ሻለር የሚሄድበት ጉዳይ ግልጽ ነው። ባራል ወይም ሰማያዊ በግ እየተባለ የሚጠራው የተራራ እንስሳ በእርግጥ ከበግ ወገን ነው ወይስ ከፍየል የሚለውን ጥያቄ በእንስሳው የመራቢያ ወቅት ጠባዩን ተመልክቶ መመለስ ይፈልጋል። ለዚህ ጥናት የሼይ ገዳም አካባቢ የተመረጠው ደግሞ የገዳሙ ላማ በዚያ አካባቢ አደን እንዳይካሄድ ስለ ከለከሉና እንስሶቹ ሰውን እምብዛም ስለማይሸሹ ነው። ሼይ ከ4,000 ሜትር በላይ ላይ ያለ ገዳም ነው፤ ወደዚያ ለመድረስ ከ5,000 ሜትር በላይ የሆነ በረዷማ መተላለፊያ መሻገር ግድ ይላል።

የማቲሰን ጉዳይ እንደ ሻለር በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚገለጽ አይደለም። ባለቤቱ በ1972 በካንሰር ሞታበታለች። እርሱም እርሷም የዜን ቡድሂዝም ተማሪዎች ነበሩ። ጉዞውን የጀመረውም ሐዘኑ ሳይበርድ፣ የስምንት ዓመት ልጁን አሜሪካ ትቶ ነው። ስለዚህ ለሻለር ሼይ የምርምር ጣቢያ ሲሆን፣ ለማቲሰን መንፈሳዊ ጉዞና የሐዘን መወጫ ነው። የመጽሐፉ ውጥረት የሚመነጨውም ከእነዚህ ሁለት ዓላማዎች ጎን ለጎን መሄድ ነው።

3. የትረካው አደረጃጀትና አንጻር

መጽሐፉ በአንደኛ መደብ አንጻር የተተረከ፣ በቀን የተከፋፈለ ማስታወሻ ነው። አራት ክፍሎች አሉት፤ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰሜን፣ በብርሌ ተራራ ዘንድና የመልስ መንገድ ልንላቸው እንችላለን። የአከፋፈሉ ቅርጽ የፍለጋ ታሪክ ቅርጽ ነው፤ መነሻ፣ ፈተና፣ መዳረሻ፣ መመለሻ አለው። ይህ ቅርጽ ለእኛ ከተረት ጀምሮ የምናውቀው ነው።

የቀን ማስታወሻ ስልት በአንባቢው ላይ የሚፈጥረው ስሜት ይታወቃል፤ ነገሩ ዛሬ እንደ ተከናወነና ዛሬውኑ እንደ ተጻፈ ያስመስላል። ነገር ግን ጉዞው የተደረገው በ1973፣ መጽሐፉ የታተመው በ1978 ነው። በመካከሉ አምስት ዓመት አለ። የተራራው ላይ ማስታወሻ ከስለ ቡድሂዝም ታሪክ፣ ስለ ዜን ትምህርትና ስለ ባለቤቱ ሞት ከሚያወሱ ረጃጅም አንቀጾች ጋር ተሰናስሎ፣ ተመርጦና ተቀናብሮ ነው መጽሐፍ የሆነው። ስለሆነም የመጽሐፉን «እኔ» ከማቲሰን ከራሱ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ባይሆንም የዋህነት ነው። «እኔ» በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የተቀረጸ ገጸ ባሕርይ ነው፤ የሚበሳጭ፣ የሚቸኩል፣ ትሑት ለመሆን የሚጥርና ሲያቅተው ራሱን የሚታዘብ ገጸ ባሕርይ።

ሻለር ደግሞ የዚህ ገጸ ባሕርይ መነጻጸሪያ ሆኖ ቀርቧል። በመጽሐፉ ውስጥ የሚጠራው በስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ነው። እርሱ ይቆጥራል፣ ይለካል፣ ይመዘግባል፤ ተራኪው ይመሰጣል። ሆኖም ማቲሰን ተመራማሪውን ልበ ደረቅ፣ ራሱን ደግሞ ልበ ብሩህ አድርጎ አልከፋፈለም። ሻለርም በተራራው ሲነካ፣ ተራኪውም የእንስሳ ዱካ ሲቆጥር እናያለን። እንዲያውም ሳይንሱ ራሱ በገዳሙ ላይ የተደገፈ መሆኑ የመጽሐፉ ጥሩ ምጸት ነው፤ የላማው ክልከላ ባይኖር ኖሮ የሚጠና ባራል በቅርብ አይገኝም ነበር። ይህን ግንኙነት ሳይሸፍን ማሳየቱ ለመጽሐፉ የሚመሰገንበት ነው።

4. ያልታየው ነብር

የመጽሐፉ ዋና ትእምርት በርእሱ የተሰየመው አውሬ ነው። የበረዶ ነብር በሂማላያና በመካከለኛው እስያ ከፍተኛ ተራሮች የሚኖር፣ ከአለቱ ቀለም ጋር የሚመሳሰልና እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ እንስሳ ነው። ማቲሰን ዱካውን ያያል፣ ኩሱን ያገኛል፣ ምናልባት እርሱ እየተመለከተን ይሆናል እያለ አለቱን ይቃኛል። ነብሩን ግን ሳያይ ይመለሳል።

የጉዞ ማስታወሻ ደራሲ ሥልጣኑን የሚያገኘው «አይቻለሁ» ከሚለው ቃል ነው። ማቲሰን ግን መጽሐፉን የሰየመው ባላየው ነገር ነው። ይህ ለስልት ብቻ የተደረገ አይመስልም። ሊያየው እንደሚሻ አይደብቅም፤ ምኞቱን ይዞ ይጠብቃል፤ ሲቀርም አለማየቱን ለመቀበል ይጥራል። በቡድሃ ትምህርት የመከራ ምንጭ ምኞት ነው። ስለዚህ የነብሩ አለመታየት የሴራው ጉድለት ሳይሆን ጭብጡ በተግባር የተፈተነበት ቦታ ነው። አንባቢም በተራኪው ላይ እምነት የሚጥለው በዚህ ምክንያት ይመስላል፤ ያላየውን «አላየሁም» የሚል ምስክር ባየው ነገር ይታመናል።

እስከዚህ ድረስ መጽሐፉ የዘርፉን ወሰን በሐቀኝነት ያሳየ ነው። ይሁንና ጥያቄው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ማቲሰን ለአውሬው የሰጠውን ክብር፣ ማለትም «ከእኔ ዐይን የተሰወረ የራሱ ሕይወት አለው» የሚለውን ክብር፣ ለአገሩ ሰዎችም ሰጥቷል ወይ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ሁለት ሰዎችን እንመልከት፤ አንዱ ላማው ነው፣ ሌላው ተሸካሚው።

5. ላማው

ተጓዦቹ ሼይ ሲደርሱ ገዳሙ ተዘግቶ ያገኙታል፤ የመንደሩ ሰዎችም የበረዶውን ወራት ሌላ ቦታ ለማሳለፍ ሄደዋል። በኋላ በገደሉ ላይ ወዳለችው የጻካንግ የብሕትውና ቦታ ሲወጡ ሁለት መነኮሳት ያገኛሉ። አንደኛው የፍየል ቆዳ በቅቤና በአንጎል እያሸ የሚያለፋ፣ እግሩ የተጎዳ ሰው ነው። ተራኪው ሰውየውን አይቶ ያልፋል። ያ ቆዳ አልፊ ሊያገኙት ይመኙት የነበረው የሼይ ላማ ራሱ መሆኑን የሚያውቀው በኋላ ነው።

ይህ ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ምናልባት እጅግ የተሳካው ነው። የገድል መጻሕፍትን ለሚያውቅ አንባቢ ትርጉሙ ወዲያው ይደርሰዋል፤ ክብሩን ሰውሮ በተናቀ ሥራ የሚኖር ቅዱስ በእኛም የገድል ልማድ የታወቀ ሰው ነውና። ከዚህም በላይ ተራኪው ራሱን የምጸቱ ዒላማ አድርጓል። ቅድስና ሊፈልግ ስንት ተራራ የተሻገረ ሰው ቅዱሱን ፊት ለፊት አግኝቶ ቆዳ አልፊ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ነብሩ ስለ ተሰወረ አልታየም፤ ላማው ግን ሳይሰወር ነው ያልታየው። በዚህ ቦታ መጽሐፉ ለሰውም ለአውሬው የሰጠውን ክብር ሰጥቷል ማለት ይቻላል።

የኋለኛው ንግግር ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ማቲሰን ከላማው ጋር የሚነጋገረው ዣንግቡ በተባለው የሼርፓዎቹ አለቃ አስተርጓሚነት ነው። በዚያ ብቸኛ ቦታ ስለ መኖር ሲጠየቅ ላማው የተቆለመሙ እግሮቹን እያሳየ ይስቃል፤ በዚያ መኖሩ እንደሚያስደስተው፣ በተለይ ሌላ ምርጫ ስለሌለው እንደሚያስደስተው ይመልሳል። ይህ መልስ ከመጽሐፉ ወጥቶ በብዙ ቦታ የሚጠቀስ ሆኗል። ለተራኪውም ትልቅ ትምህርት ሆኖት ወደ ዜን ሐሳብ ይተረጉመዋል፤ ያለውን እንዳለ መቀበል የሚለው ነው።

ሃያሲ ግን እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል አለበት። አንደኛ፣ ቃሉ ወደ እኛ የደረሰው በአስተርጓሚ አፍና በደራሲ ብዕር አልፎ ነው። ላማው በራሱ ቋንቋ ምን ዐይነት ቃል እንደ መረጠ አናውቅም። ሁለተኛ፣ ጠያቂው መምጣትንም መመለስንም የመረጠ ሰው ነው፤ መላሹ ደግሞ በእግሩ ጉዳት የታሰረ ነው። ምርጫ ያለው ሰው ምርጫ ከሌለው ሰው ትምህርት ወስዶ ይሄዳል፤ ትምህርቱ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን ይህ አለመመጣጠን ከበስተጀርባው አለ። ሦስተኛ፣ ሳቅ ብዙ ትርጉም አለው። የላማው ሳቅ የተራኪው ጆሮ እንደ ሰማው የመገለጥ ሳቅ ሊሆን ይችላል፤ በጠያቂው ጥያቄ ላይ የተቃጣ ወዳጃዊ ቀልድም ሊሆን ይችላል። ቅኔ ለለመደ ጆሮ «በተለይ ምርጫ ስለሌለኝ» የሚለው ቃል ወርቅ ብቻ ሳይሆን ሰምም እንዳለው አይሰወርም። መጽሐፉ ወርቁን ተቀብሎ ሰሙን፣ ማለትም የታመመ እግርን፣ ቶሎ አልፎታል።

6. ተሸካሚው

የሁለተኛው ሰው ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። ቱክተን ከጉዞው ሠራተኞች አንዱ ነው። ባልደረቦቹ አያምኑትም፤ በመጠጥና በእጅ አመል ይጠረጥሩታል። ተራኪው ግን ሲውል ሲያድር በዚህ ሰው ይሳባል። በዐይኑ ውስጥ የሚያውቀው ነገር እንዳለ ይሰማዋል፤ ሳይጠራ የሚደርስ፣ ሳይታዘዝ የሚሠራ፣ በችግር የማይረበሽ ሰው ሆኖ ያገኘዋል። በመጨረሻም ቱክተንን እንደ መምህር ሊያየው ይጀምራል። ሁለቱ በካትማንዱ አጠገብ ባለው በቦድናት ታላቅ መቅደስ ዘንድ ሊገናኙ ይቀጣጠራሉ። በቀጠሮው ቀን ማቲሰን ይሄዳል፤ ቱክተን አይመጣም። መጽሐፉም በዚሁ ይዘጋል።

በአደረጃጀት በኩል ይህ አዘጋግ የበሰለ ነው። ነብሩ አልታየም፤ ቱክተንም አልመጣም፤ ሁለቱ መቅረቶች እርስ በርሳቸው ይመላለሳሉ። ጎብኚው የሚሻው ነገር በእጁ እንደማይጨበጥ ሁለት ጊዜ ይነገረዋል። አንባቢም መጽሐፉን የሚከድነው በዚህ ዝምታ ተነክቶ ነው።

ነገር ግን ቅርጹ ያማረው በማን ዋጋ ነው? ነብር ዱር ነው፤ አለመታየቱ ምክንያት አያሻውም። ቱክተን ሰው ነው፤ ያልመጣበት ምክንያት ይኖረዋል። ምናልባት ሌላ ሥራ አግኝቶ ይሆናል፤ ምናልባት ታሞ ይሆናል፤ ምናልባት ደመወዙን ከተቀበለ በኋላ ከአሠሪው ጋር ሌላ ጉዳይ እንደሌለው ቆጥሮ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱም ቢሆን ምሥጢራዊ አይደለም፤ የሠራተኛ ሕይወት ነው። መጽሐፉ ቱክተንን ከነብሩ ጎን ሲያቆመው ከፍ ያደረገው ይመስላል፤ በአንድ በኩል ግን የግል ምክንያቱን፣ ማለትም ሰውነቱን፣ ቀምቶታል። ሰው ትእምርት ሲሆን ደመወዝ፣ ቤተሰብና ድካም አይኖረውም።

ሚዛናዊ ለመሆን ማቲሰን ስለ ሠራተኞቹ ዝም አለማለቱን መናገር ይገባል። በደመወዝ የተነሡ ክርክሮችን፣ ተሸካሚዎች በበረዶ ውስጥ ያዩትን ስቃይ፣ በዚህ ምክንያት የተጓተተውን ጉዞ ጽፏል። እንዲያውም የራሱን ቁጣና ትዕግሥት ማጣት አልሸሸገም። ችግሩ መረጃው አለመኖሩ ሳይሆን ቦታው ነው። ሸክምና ደመወዝ የጉዞው እንቅፋት ሆነው በመንገዱ ክፍሎች ይነሣሉ፤ ታላቁ ትርጉም በሚነገርበት በመዝጊያው ግን ተረስተዋል። የጉዞ ማስታወሻን የሚያጠና ተማሪ አንድን ሰው ደራሲው ጠቅሶታል አልጠቀሰውም ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ የተጠቀሰው ሰው በትረካው ወሳኝ ቦታ ላይ ምን ሆኖ ይገኛል ብሎ መጠየቅ ያለበት ስለዚህ ነው።

7. ዶልፖ ስለ ራሱ

የአንድን ጎብኚ አንጻር ወሰን ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ተጎብኚው ስለ ራሱ ከጻፈው ጋር ማስተያየት ነው። በዶልፖ ረገድ ይህ ይቻላል። እንግሊዛዊው የቲቤት ጥናት ሊቅ ዴቪድ ስኔልግሮቭ በ1956 አገሩን ተዘዋውሮ ካየ በኋላ የጉዞ መጽሐፉን በ1961 አሳትሟል። ማቲሰንም የስኔልግሮቭን ሥራ ያውቀዋል። ስኔልግሮቭ ግን በጉዞ ማስታወሻው ብቻ አላበቃም፤ ከ15ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ በዶልፖ የኖሩ የአራት ላማዎችን የሕይወት ታሪክ ከቲቤት ቋንቋ ተርጉሞ በ1967 አውጥቷል።

የቲቤት የቅዱሳን ታሪክ «ናምታር» ይባላል፤ ትርጉሙ «ፍጹም ነጻ መውጣት» ማለት ነው። ለገድል አንባቢ ዘርፉ ባዕድ አይሆንበትም። የቅዱሱ ልደት፣ ትምህርት፣ ምናኔ፣ ተአምር፣ ዕረፍትና ደቀ መዛሙርት አሉበት። ልዩነትም አለ፤ በቲቤት ልማድ መነኩሴው የራሱን ታሪክ በራሱ አንደበት የሚያቆይበት ሥርዓት ሰፍቶ ይገኛል። ለኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነጥብ ነው። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ዶልፖ «ሩቅ» አይደለም። መነኩሴው ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው መምህር ፍለጋ ይሄዳል፤ ለጋሾች ይሰጣሉ፤ ተማሪዎች ይሰበሰባሉ፤ ገዳማት ይታደሳሉ። ዓለሙ ሙሉ ነው፤ ማእከሉም እዚያው ነው።

ከዚህም የሚቀድም ማስረጃ አለ። ከቲቤት ቡድሂዝም ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ዶልፖፓ ሼራብ ጊያልጸን በ1292 የተወለደው በዶልፖ ነው፤ የኖረውም እስከ 1361 ነው። የሚታወቅበት ስም ራሱ «የዶልፖ ሰው» ማለት ነው። በትምህርቱ የተነሣው ክርክር ከሞተ በኋላም ለምእተ ዓመታት የቲቤትን ሊቃውንት ሲያከራክር ኖሯል። ይህ አገር ሊቅ ያወጣና ሊቃውንትን ያከራከረ አገር እንጂ ሰው ዝምታን ብቻ ሊፈልግ የሚሄድበት ባዶ ተራራ አይደለም።

«ሩቅ» የሚለው ቃል እንግዲህ የጎብኚው ቃል ነው። ከየት ተነሥቶ ነው ሩቅ የሚባለው? ከካትማንዱና ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ነው። ለሼይ ሰው ሩቁ ካትማንዱ ነው። ማቲሰን ይህን በአእምሮው ሳያውቀው አይቀርም፤ የመጽሐፉ ምሰላዎች ግን አብዛኞቹ በዝምታ፣ በባዶነትና በብርሃን ዙሪያ የተሠሩ ናቸው። ክርክር፣ ትምህርት ቤትና መጽሐፍ ያለበት ዶልፖ ከምሰላዎቹ ውጭ ቀርቷል።

8. ከደስታ ሸለቆ እስከ ሻንግሪላ

ይህ ሁሉ በእኛ አንባብያን ላይ ለምን ልዩ ክብደት እንዳለው ለማሳየት ከማቲሰን በፊት የነበሩ ሁለት ልቦለዶችን መጥቀስ ያስፈልጋል። በምዕራቡ ዓለም ሥነ ጽሑፍ፣ በተራራ ስለ ተከበበ የሰላም ስፍራ የተደረሱ ታሪኮች አንዱ ከሌላው እየተቀባበሉ የመጡ ናቸውና።

የእንግሊዙ ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ነበር። በ1759 ደግሞ «ራሴላስ» የተባለውን ልቦለድ ደረሰ። መቼቱ በአምሐራ ምድር፣ በተራሮች የተከበበ «የደስታ ሸለቆ» ነው፤ የነገሥታት ልጆች በዚያ ሁሉ ተሟልቶላቸው ይታሰራሉ። ሐሳቡ በነገሥታት ልጆች መታሰሪያነት ከታወቀችው ከአምባ ግሸን ዝና የመነጨ ነው። ይህን መጽሐፍ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተርጉመውታል። አባት የሌላውን አገር ጎብኝተው ለአገራቸው ሰው ጻፉ፤ ልጅ ሌላው ስለ አገራቸው የፈጠረውን ታሪክ ወደ ቋንቋቸው መለሱ። የራሴላስ ገጸ ባሕርያት ኢትዮጵያውያን ተብለው ቢሰየሙም የሚናገሩት እንደ 18ኛው ምእተ ዓመት እንግሊዛዊ የሥነ ምግባር ፈላስፋ ነው። ስሙ የእኛ ነው፤ ድምፁ የጆንሰን።

በ1933 ጄምስ ሂልተን «የጠፋው አድማስ» ልንለው የምንችለውን ልቦለድ አሳተመ። በቲቤት ተራሮች መካከል የተሰወረ የደስታ ሸለቆና ገዳም ይፈጥራል፤ ስሙንም ሻንግሪላ ይለዋል። ሁለቱ መጻሕፍት አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው። ራሴላስ ከሸለቆው ለመውጣት ይታገላል፤ የሂልተን እንግሊዛዊ ከሸለቆው ከወጣ በኋላ ወደዚያው ለመመለስ ይናፍቃል። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ። በሂልተን መጽሐፍ የቲቤቱ ገዳም ታላቅ ላማ ሆኖ የሚናገረው ቲቤታዊ አይደለም፤ ከአውሮፓ የመጣ ካቶሊካዊ መነኩሴ ነው። የሸለቆው ተወላጆች ያርሳሉ፣ ያገለግላሉ፤ ስለ ሸለቆው ትርጉም የሚናገረው እንግዳው ነው።

ልቦለዱ በልቦለድነቱ ብቻ አልቀረም። በ2001 በቻይና የዩናን ግዛት የሚገኘው ዦንግዲየን የተባለ የቲቤታውያን ወረዳ ስሙ በይፋ ሻንግሪላ ተብሎ ተለወጠ፤ ዓላማውም ጎብኚ መሳብ ነበር። እዚያ ደረጃ ሲደረስ ጎብኚው የፈጠረው ቃል የተጎብኚውን የቦታ ስም ተክቷል ማለት ነው።

ማቲሰን ከሂልተን እጅግ የራቀና የጠለቀ ጸሐፊ ነው። ገዳሙን በምናቡ አልፈጠረም፤ በእግሩ ሄዶ፣ በርዶትና ርቦት አይቷል። ላማውንም አውሮፓዊ አላደረገውም። ሆኖም ተራራው ለእንግዳው ነፍስ መድኃኒት ሆኖ የቆመበት አሮጌ መዋቅር በእርሱም መጽሐፍ ውስጥ አልፈረሰም። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን መዋቅር ቶሎ የሚለየው ብልህ ስለ ሆነ ሳይሆን በራሱ ተራራ ላይ ሲሠራ ስላየው ነው።

9. ማጠቃለያ

«የበረዶ ነብር» ባላየው ነገር ላይ ሐቀኛ የሆነ፣ ሐዘኑን ሳያጋንን የጻፈና የተራራውን ገጽታ በሚገባ ያቀረበ መጽሐፍ ነው። ቆዳ አልፊው ላማ የታየበት ትዕይንት ብቻውን ለመጽሐፉ መነበብ በቂ ምክንያት ይሆናል። ጉድለቱ ለነብሩ የሰጠውን የመሰወር መብት ለሰው ሲሰጥ ሰውየውን ወደ ትእምርት መለወጡ ነው። ላማው የተራኪው መልስ ሆነ፤ ተሸካሚው የተራኪው ምሥጢር ሆነ፤ ሁለቱም የራሳቸው ጥያቄ አልቀረላቸውም።

ከዚህ ንባብ ለጉዞ ማስታወሻ ጥናት የሚጠቅሙ ሦስት ጥያቄዎችን ማውጣት ይቻላል። የአገሩ ሰው ቃል በመጽሐፉ ውስጥ በማን አስተርጓሚነት አለፈ? ሸክም የተሸከመው ሰው በመዝጊያው ላይ ምን ሆኖ ቀረ? ያ አገር ስለ ራሱ የጻፈው ነገር ምን ይላል? ሦስተኛው ጥያቄ ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ መነሣትን ይጠይቃል፤ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ግን መጽሐፉን በጥሞና ከማንበብ ሌላ ወጪ የላቸውም።

ጥያቄዎቹ ባዕዳን በጻፉት ላይ ብቻ የሚነሡም አይደሉም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ስሜን፣ ወደ ግሸን ወይም ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ አማርኛ ጸሐፊም ጎብኚ ነው። በገመድ ወደ ደብሩ የሳበውን መነኩሴ፣ ዕቃውን በበቅሎ ጭኖ ያደረሰለትን ገበሬ በምን ቃል ያነሣቸዋል? ቋንቋ አንድ መሆኑ አንጻርን አንድ አያደርግም። እንዲያውም አስተርጓሚ አለመኖሩ «የእነርሱን ቃል እንዳለ አቅርቤያለሁ» የሚል መታለልን ሊያስከትል ይችላል። ማቲሰን ቱክተንን በቦድናት ጠብቆት ነበር፤ ቱክተን ለምን እንዳልመጣ ግን መጽሐፉ አይነግረንም። የራሳችንን የጉዞ ማስታወሻዎች ስናነብ በየገጹ መፈለግ ያለብን ያ ያልመጣው ሰው ያልመጣበትን ምክንያት ነው።